«ምንም አይደረግም» ከተባለ በኋላ ያለው ሥራ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ደረሰኝ። ከአራቱ ሁለቱ ነርሶች ናቸው። አንዷ «እስቲ መልስ ስጪበት» ብላ ነው የላከችው። ጽሑፉ የመዳን ተስፋ ለሌላቸው ድሃ ሕሙማን በየቤታቸው ስለሚሰጠው ክብካቤ ነው፤ ብዙዎች «ፓሊየቲቭ ኬር»፣ የማስታገሻ ክብካቤ፣ የሚሉት። ጸሐፊው ይቃወሙታል። አጻጻፋቸው ግልጽ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ለድሃ እንደሚቆረቆሩ ያስታውቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ለቤት እየዞርኩ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን መጀመሪያ ያሉትን በአግባቡ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ገንዘብ በሌለበት ቦታ ያለችው ጥቂት ነገር መዳን ለሚችለው ትዋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሱስ ያስይዛል፣ ሞት ያፋጥናል፣ ከሕመምተኛው ቤት ወጥቶም ይሸጣል። ሦስተኛ፣ ሐኪም መላክ ሲገባ ነርስና በጎ ፈቃደኛ መላክ ለድሃ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና መስጠት ነው። አራተኛ፣ ቤተሰብ ድሮም የራሱን ሰው ያስታምማል፤ ፍቅር ካለ ባለሙያ አያስፈልግም። አምስተኛ፣ ለሕመምተኛ እንደማይድን መንገር ተስፋውን መግደል ነው።

ከአምስቱ በፊት ግን አንዲት ሐረግ አለች። በጽሑፉ ውስጥ እየተመላለሰች ትመጣለች፦ ምንም ሊደረግለት የማይችል ሕመምተኛ። ክርክሩ ሁሉ የተደገፈው እሷ ላይ ነው።

«ምንም አይደረግም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ኮሪደር ላይ፣ በቁም፣ አስታማሚው ፋይል ታቅፎ እየሰማ። የተባለለት ሰው ግን በማግስቱም አለ። ያመዋል። ያስመልሰዋል። ሆዱ ይደርቃል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ጀርባው መላላጥ ይጀምራል። ከእነዚህ ውስጥ ማስታገሻ የሌለው የትኛው ነው?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የጡት ካንሰር ቆዳ ሰብሮ ሲወጣ ቁስሉ ይሸታል። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው በሚተኛበት ቤት ይህ ሽታ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቀዋል። ልጆች ሌላ ቦታ ማደር ይጀምራሉ። ጎረቤት እግሩን ይሰበስባል። ሕመምተኛዋ ራሷ «አትጠጉኝ» ትላለች። ሽታውን የሚያመጡት በሞተው ሥጋ ውስጥ የሚራቡ፣ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ርካሽ ክኒን አለ። ይደቅና ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሽታው ይቀንሳል። ካንሰሩ እዚያው ነው። ልጆቹ ግን ተመልሰው ከእናታቸው ጎን ይተኛሉ። ይህን «ምንም» ብዬ ልጠራው አልችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እጥረት አለ ማለታቸው እውነት ነው። መምረጥም ግድ ይላል። ሂሳቡን ግን ከመሐል ጀመሩት። የማይድን ሰው ክብካቤ ሲያጣ ወጪው አይቀርም፤ ወደ ቤተሰቡ ኪስ ይዞራል። ሌሊት ጩኸቱን መስማት ሲያቅታቸው ተበድረው መኪና ይከራያሉ። አንድ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ምርመራው እንደገና ይታዘዛል። ግሉኮስ ይሰቀላል። ከዚያ ይመለሳሉ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል። የሚሸጥ ነገር ካለ በዚህ ጊዜ ተሸጦ ያልቃል። ሰውየው ሲያርፍ ዕዳው ለልጆቹ ይቀራል። በሳምንት አንዴ ብቅ የምትል ነርስና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሞርፊን ከዚህ ሩጫ ብዙውን ያስቀራሉ። ቤተሰቡ የሚሮጠው ሕመሙን የሚያስታግስ ሰው ፍለጋ ነውና።

የመድኃኒቱ ዋጋም ከሚገመተው በጣም ያነሰ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ሕመም ማስታገሻ እንዲያጠና ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ሪፖርቱ አንድ ስሌት አስቀምጧል። ከ15 ዓመት በታች ሆነው በከባድ ሕመም የሚሠቃዩ፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ያሉ ሕፃናትን በሙሉ በሕመም ማስታገሻ ለማዳረስ መድኃኒቱ በዓመት የሚፈጀው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የአንድ አገር ወጪ አይደለም፤ የሁሉም ተደምሮ ነው። እዚህ ጋ የእጥረት ክርክር ያበቃል ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው ማዳንና ማስታገስ ከአንድ ከረጢት የሚሻሙ አድርገው ማቅረባቸውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን፣ በአሜሪካው የሕክምና መጽሔት፣ የወጣ ጥናት አለ። የተሠራው በተሰራጨ የሳንባ ካንሰር በተያዙ 151 ሰዎች ላይ ነው። ሁሉም የካንሰር ሕክምናውን ያገኛሉ። ግማሾቹ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የማስታገሻ ክብካቤ ተጨመረላቸው። እነዚህኞቹ ኑሯቸው ተሻለ፣ ድብርታቸው ቀነሰ። በመጨረሻው ሰዓት የሚደረገው ከባድና ውድ ሕክምናም ለእነሱ አነስ ብሎ ነበር። ዕድሜያቸው ደግሞ ረዘመ፤ መካከለኛው 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ነበር። የሀብታም አገር ጥናት ነው፣ ልክ ነው። ግን «አንዱ ከሌላው ይቀማል» የሚለውን ሐሳብ አይደግፍም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ሊድን የሚችልን ሰው «ማስታገሻ ይበቃሃል» ብሎ ወደ ቤት መሸኘት በደል ነው። ይህ ይደርሳል። የማኅፀን በር ካንሰር በጊዜ ከተገኘ ይድናል። የኤችአይቪ መድኃኒት እያለ ሰውን ለሞት ማዘጋጀት ነውር ነው። ክብካቤው ለዚህ ሽፋን ሆኖ ሲውል እኔም ከእሳቸው ጎን ቆሜ እጮሃለሁ።

ሞርፊን ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የፈራው እዚህ ነውና።

ፍርሃቱን አልንቅም። በሰሜን አሜሪካ በዚሁ የመድኃኒት ወገን ብዙ ሰው አልቋል፣ ጸሐፊውም ይህን ጠቅሰዋል። ግን እዚያ የሆነው ምን ነበር? ኃይለኛ ክኒኖች በኃይለኛ ማስታወቂያ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ጭምር በገፍ ታዘዙ። ብዙዎቹ ወሳጆች ገና አሥርት ዓመታት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የእኛ ሕመምተኛ አጥንቱ ውስጥ ካንሰር የገባበት፣ የቀረው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ሰው ነው። በእነዚያ ላይ የደረሰውን ለዚህኛው መከልከያ ማድረግ አያስኬድም።

ደግሞ ክፍፍሉን እንይ። በዚያው የላንሴት ሪፖርት መሠረት በዓለም በዓመት ይከፋፈል ከነበረው፣ በሞርፊን ሲሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ከሚሆነው የሞርፊን ወገን መድኃኒት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እዚያ ጎርፍ ሆኖ፣ እዚህ ጠብታ የለም። ጎርፉን አይተን ጠብታዋን እንከልክል ማለት ምን ይባላል?

ሱስ የሚባለው መድኃኒቱን ለስካር መፈለግ፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል ነው። ሰውነት መልመድ ሌላ ነው። ለሳምንታት ሞርፊን የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ቀስ በቀስ ከተቀነሰ ግን ይተወዋል። በጨረር ሕክምና ሕመማቸው ሲቀንስ ሞርፊኑን «አሁን አያስፈልገኝም» ብለው የመለሱልኝ ሰዎች አሉ። ሱሰኛ እንዲህ አያደርግም።

ሞት ያፋጥናል የሚለው ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ከቤት ያየሁት ነገር ነው። ሰውየው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሞርፊን ሲጀምር ሁለት ቀን ተኛ። ቤተሰቡ ደነገጠ፤ «ገደልሽው» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ነቅቶ ቁጭ አለ። የተኛው የከረመበትን እንቅልፍ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሞርፊን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መታዘዙ ነው። ነገ ለሚሞት ሰው ዛሬ ከተሰጠ፣ ነገ ሲሞት ሞርፊኑ ይወቀሳል። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እየታየ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። በዚህ መንገድ ሲሰጥ እንደሚፈራው ትንፋሽ አያቆምም።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የሞርፊን ጣጣ በጽሑፉ ውስጥ አልተነሳም። የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን አንጀትን ያስተኛል፣ ያውም በጊዜ ብዛት የማይለመድ ነገር ነው። ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዛል። ይህን የረሳ ባለሙያ ሕመምተኛውን ከአንድ ሥቃይ አውጥቶ ሌላ ውስጥ ይከተዋል። ሞርፊንን መውቀስ የፈለገ ሰው በዚህ ቢወቅሰው አብሬው እወቅሳለሁ።

ከቤት ወጥቶ ይሸጣል ለሚለው ሁለት አገር ልጥራ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1985 የአደንዛዥ ዕፅ ሕጓን ስታጠብቅ ሆስፒታሎች ፈቃድ ማውጣቱ እያታከታቸው ሞርፊን መያዝ ተዉ። ለሕክምና የሚውለው መጠን አሽቆለቆለ። ዋጋውን የከፈሉት የካንሰር ሕሙማን ናቸው። ሕጉ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ 29 ዓመት ቆይቶ። ኡጋንዳ ሌላ መንገድ ያዘች። የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ የመጠኑ ልዩነት እንዲለይ ቀለም ተጨምሮበት በጠርሙስ ይሰጣል። ለሕመምተኛው በነፃ ነው። የተበጠበጠ ፈሳሽ ለነጋዴ አያጓጓም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣውና አገሮች አደንዛዥ ዕፅን የሚቆጣጠሩበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ ገና በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይናገራል። መቆጣጠርና ማቅረብ ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል ማለታቸውን ግን እቀበላለሁ። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ የቀረው ጠርሙስ የት ገባ የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኔ ለቅሶ ስሄድ ጠርሙሱን እጠይቃለሁ። ይከብዳል። ግን ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ምስክር ባለበት ይወገዳል። ይህን የማይሠራ ፕሮግራም ካለ ይታረም።

«ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና» የሚለው ነው ያበሳጨኝ። ባበሳጨኝ ልክ ግን ረጋ ብዬ ልመልስ። ይህን ሥራ በዘመናዊ መልኩ የጀመረችው ሲስሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ ነበረች። ወገቧን ሲያማት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆነች። ሐኪም የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን፣ ማለትም የማይድኑ ሕሙማን ክብካቤ የሚያገኙበትን ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ስትከፍት የያዘችው ሐሳብ ከአልጋ ዳር የተማረችው ነው። የሟች ሕመም ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ጭንቀትም፣ ብቸኝነትም፣ የገንዘብ ሐሳብም፣ የነፍስ ጥያቄም አለበት ትል ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ «ጠቅላላ ሕመም» አለችው። ይህን ለማየት ጊዜ ወስዶ አልጋው አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓን አሻሽላ፣ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የክሊኒክ ኦፊሰሮች (ሐኪም ሳይሆኑ የሚያክሙ ባለሙያዎች) ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ከዚያ በፊት ሥራው የተጀመረው ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ በመሠረተችው ሆስፒስ ነበር። ሐኪሟ ራሷ ያመነችበት ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ነርሷ ማዘዝ ካልቻለች ሕመምተኛው እየጮኸ ይሞታል። በህንድ ኬረላ ግዛትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊከት ከተማ ውስጥ በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ። ሕሙማኑ ግን ሩቅ ነበሩ፤ ብዙዎቹ መነሣት አይችሉም። ስለዚህ ሥራው ወደ ሠፈር ወረደ። ጎረቤቶች ሠልጥነው ሕመምተኛ መለየት፣ መጠየቅ፣ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ነርሷ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ሐኪሙ ከኋላ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግዛቲቱ ይህን የራሷ ፖሊሲ አደረገችው። ሰዎች ለተራ ነገር ይህን ያህል ዓመት አይደክሙም።

በሀብታም አገሮችም ቤቱ ለተኛ ሕመምተኛ ደጋግማ በር የምታንኳኳው ነርስ ናት። እዚያ ሲሆን «ልዩ እንክብካቤ»፣ ለድሃ ሲሆን «ሁለተኛ ደረጃ» ሊባል አይችልም። ነርሷ የምትደውልለት ሐኪም መኖር አለበት ካሉ ግን እስማማለሁ። ብቻዋን የተተወች ነርስ ትሳሳታለች። ብቻዋን የተተወች ነርስ ትሰበራለችም።

ቤተሰብ ያስታምማል የሚለው እውነት ነው። ያውም ከእኛ ከባለሙያዎቹ በላይ። ግን ፍቅር ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም።

የማይበላ ሕመምተኛን አስቡት። ሰውነት ወደ መዘጋት ሲሄድ ምግብ አይፈልግም። ቤተሰቡ ይህን የሚያነበው በሌላ መንገድ ነው፤ «እየተራበ ሊሞት ነው» ብሎ። ስለዚህ ቀና ያደርጉትና በማንኪያ ያጎርሱታል። መዋጥ ስለማይችል ትን ይለዋል። ወደ ሳንባው ይገባል። ያጎረሰችው ልጅ ከሞቱ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ያን ማንኪያ ታስበዋለች። አንዲት ነርስ ቁጭ ብላ «አሁን ረሃብ አይሰማውም፤ ከንፈሩን በረጠበ ጨርቅ አርጥቢለት፣ አፉን አጽጂለት፣ እጁን ያዢ» ብትላት ኖሮ ልጅቷ ማድረግ የምትችለው ነገር ታገኝ ነበር። አባቷም በሰላም ይተኛ ነበር።

የጀርባ ቁስልም እንዲሁ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አካባቢ ገልበጥ ማድረግ፣ አጥንት ከፍራሽ የሚነካበትን ቦታ ማየት፣ አንሶላውን ማስተካከል። ለማስተማር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳይነገራቸው ሲቀር ግን አጥንት የሚያሳይ ጉድጓድ ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ጉሮሮ ውስጥ የሚሰማው ማንኳረፍም አለ። ቤተሰቡን ያስጨንቃል፤ ታነቀ ብለው ይሮጣሉ። ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ አይሰማውም። ወደ ጎን ማስተኛት ይረዳል። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ነው ሌሊት መኪና ፍለጋ የሚወጣው፤ ሰውየውም መንገድ ላይ ያርፋል።

ጸሐፊው «ቤተሰብ» ሲሉ ደግሞ ማን ማለታቸው እንደሆነ አልተናገሩም። እኔ በር ስከፍት የማገኛት ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ሚስት፣ እናት፣ ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ። አሥራ ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አባቷን ስታጥብ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ ፍቅር አላነሳትም። ያነሳት እንቅልፍ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጎረቤት ቢተካት ክፍል ትገባለች። የማኅበረሰብ ክብካቤ ሲባል በተግባር አንዱ ይህ ነው። በጎ ፈቃደኞችም ይደክማቸዋል፤ ይህን ጸሐፊው በትክክል አንሥተዋል። የትራንስፖርት ወጪያቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ለዓመታት ማሠራት ድሃን በድሃ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

በቁጥር ይነገር ከተባለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ ክብካቤ ያስፈልገዋል። የሚያገኘው 14 በመቶ ገደማ ነው። ከቀረው ብዙው ያለው ቤተሰቡ ዘንድ ነው። ቤተሰብ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ባልተሠቃየ ነበር።

የመጨረሻው፣ እውነቱን የመንገር ነገር። በግድ መንገር ጭካኔ ነው፤ በዚህ አንለያይም። እኔም «ትሞታለህ» ብዬ አልገባም። «ስለ ሕመምህ ምን ነግረውሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» እላለሁ። ማወቅ የማይፈልግ አለ። አከብርለታለሁ። አብዛኛው ግን ያውቀዋል። ሰውነቱ ነግሮታል። ቤተሰቡ ከእሱ ይደብቃል፣ እሱም ከቤተሰቡ ይደብቃል። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል።

ድሃ ቤት ውስጥ እውነቱ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ግንበኛ ነበር፣ የጉበት ካንሰር የያዘው። ቤተሰቡ እንዳልነግረው አስምለውኝ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ «ስንት ጊዜ አለኝ?» አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ ጠየቅሁት። ለሦስት ሰው ሠርቶ ያልተከፈለው ገንዘብ ነበረው። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ወረቀት የለውም። ሚስቱ ስትመለስ አስቀመጥናት። እሱ ስም ጠራ፣ መጠኑንም ተናገረ። እኔ በልጁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሦስቱም ተጠርተው ፊቱ ቆመው አመኑ። ሁለቱ ከማረፉ በፊት ከፈሉ። ሦስተኛው በየወሩ ለሚስቱ እያመጣ ሲሰጥ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ እስካየኋት ድረስ።